ከምስር እስከ ቢላ

የአእምሮ ሐኪም ሆኜ ልመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረኝ የትምህርት ክፍላችን ተዘጋ። ክፍለ ሀገር ባለው ዩኒቨርሲቲያችን ያስተምሩን የነበሩት ስፔሻሊስቶች አንድ በአንድ ለቀው አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ በአንድ አስተማሪ ደግሞ ስፔሻሊስት ማስመረቅ አይቻልም። «ሌላ ቦታ ፈልጉ» ተባልን። እንዲህ ሆኖ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ አንድ ሻንጣና ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ፣ አቃቂ አባቴ ቤት ገባሁ። አባቴ ካርቶኑን እየተቀበለኝ «ጨረስሽ?» አለኝ። ልጨርስ ስል እንደጨረሱኝ ነገርኩት። ሳቀና ሻይ ጣደልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሊቀበለኝ የተስማማው ሆስፒታል የትምህርት ኃላፊ ዝምተኛ ፕሮፌሰር ናቸው። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን እንደተማርሽ ወረቀቱ ይነግረኛል። እንዴት እንደምትሠሪ ግን አይነግረኝም» አሉ። «ቃሊቲ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለን። አራት ወር እዚያ ትሠሪያለሽ። ከታካሚ ጋር ብቻሽን ልትተዪ የምትችይ ከሆነ የመጨረሻውን ዓመት ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ሦስተኛ ዓመትን ትደግሚያለሽ።»

«ማነው የሚወስነው?»

«እኔ በየዓርቡ እመጣለሁ። በቀረው ቀን የሚያዩሽ ሲስተር ናቸው። እሳቸውን እጠይቃለሁ።»

ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ይህንን ከአባቴ ወገን ነው የወረስኩት። ሦስት ዓመት ተምሬ፣ አዳር ሠርቼ፣ ፈተና አልፌ፣ ጭራሽ ነርስ ትመዝነኝ? ይህንን ግን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ ያልኩት «እሺ ፕሮፌሰር» ነው።

ክፍላችን በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ የከባድ መኪናውን መንገድ ያያል። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው የሚናገረውም አይሰማም። ያኔ ሲስተር አፋቸውን ይዘጋሉ፤ መኪናው እስኪያልፍ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ይጠብቁና ካቆሙባት ቃል ይቀጥላሉ። ታካሚዎቹም ለምደውታል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ በመኪናው ላይ ለመጮህ እሞክር ነበር።

ሲስተር አጭር ናቸው፤ ነጭ ስኒከር ያደርጋሉ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። እዚያች ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ታካሚ ከመግባቱ በፊት በመስኮቱ አሻግረው ግቢውን ያያሉ። «ዛሬ እናቱ ከኋላ ናት፤ እሱ ከፊት። ጎሽ» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ጫማዋን አሰረች፣ አየሽ?» ይሉኛል። እኔ ምንም አላየሁም ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ ካርዱ ነው። የታካሚው ካርድ ከፊት ለፊቱ እንደማንኛውም ካርድ ነው፤ የበሽታው ስም፣ መድኃኒቱ፣ የሐኪሙ ፊርማ። ከጀርባው ግን ሲስተር በእርሳስ ይጽፉበታል። በመጀመሪያው ሳምንት የአንዲት ሴት ካርድ ገልብጬ ያነበብኩት ይህንን ነው፤ «ቁጭ አለች። ምስር። ምስር። ምስር። ሳህን። ሳህን። ቢላ።» ሲስተር የገበያ ዝርዝራቸውን በስህተት የጻፉ መስሎኝ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «ፊቱ የእናንተ ነው፤ ጀርባው የኔ» አሉኝና አስረዱኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ የእድሩ ሴቶች ደግሞ ጓሮ ተሰብስበው ለለቅሶ ደራሹ ያበስላሉ። አንድ ጊዜ ጨርቋን የጣለች ሴት ስትመጣ ማንም አይመልሳትም። መጀመሪያ «አረፍ በይ» ትባላለች። በሚቀጥለው ለቅሶ ምስር የተሞላ ሰፌድ ጭኗ ላይ ያኖሩላታል፤ ጠጠሩን ትለቅማለች። ምስር መልቀም ማንንም አይጎዳም። ከዚያ ሳህን ማጠብ ይመጣል። ሽንኩርት የሚከተፈው ግን በቢላ ነው፤ ቢላ ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር የለም፤ ስብሰባ የተጠራበትም የለም። ብቻ አንድ ቀን፣ ከዓመት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንዷ ሴት ቢላዋን ትዘረጋላታለች።

«ስለዚህ ስንገናኝ፣ በዚህ ወር የት ለቅሶ ደረስሽ፣ ምን አስያዙሽ ብዬ እጠይቃለሁ» አሉ ሲስተር። «ቢላ ካስያዟት ድናለች። የሰፈር ሴት ሐኪም እንደሚሳሳተው አትሳሳትም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ እናቴን ተከትዬ በየለቅሶው ስሄድ፣ ሁልጊዜ ጥግ ተቀምጣ ምስር ብቻ የምትለቅም አንዲት ሴት ነበረች። ምስር ትወዳለች ብዬ ነበር የማስበው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አእምሮ ሕመም ሳነብ ያቺ ሴት አንድ ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም።

ያም ሆኖ አልተሸነፍኩም። የተማርኩት በቅጽ መመዘን ነው፤ እንቅልፍ ስንት ነጥብ፣ ምግብ ስንት ነጥብ፣ ድምፅ መስማት ስንት ነጥብ። አራት ወር ብቻ ነው ያለኝ፤ ተምሬ የመጣሁ መሆኔን ማሳየት አለብኝ።

ያቺ ካርዷን አንብቤ የሳቅኩባት ሴት በሁለተኛው ወር መጣች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ድሮ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ታማ በሌሊት ልብሷ የመኪናው መንገድ ላይ ከወጣች በኋላ ሥራው ቀረ። ይህ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ታሪክ ነው። አሁን አቃቂ ከእህቷ ጋር ትኖራለች፤ እድሯ የአባቴ እድር ነው፤ በር ላይ ድንችና ቃሪያ ትሸጣለች። ቀሚሷ ንጹሕ ነው፤ ስትናገር ዓይን ታያለች።

ቅጼን አውጥቼ ጠየቅኳት። ድምፅ ትሰሚያለሽ?

«ጠዋት ጠዋት እናቴ ትጠራኛለች» አለችኝ። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። «አንድ ጊዜ ነው የምትጠራኝ። ተነሺ ነው የምትለኝ። እነሳለሁ።»

ነጥቡን ደመርኩ። ከፍ አለብኝ። መድኃኒቱን በእጥፍ ላሳድገው እንደሆነ ለሲስተር ስነግራቸው እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ዶክተር፣ ባለፈው ወር ቢላ ይዛ ነው የዋለችው። ድምፁንም ለምዳዋለች፤ ድምፁም ለምዷታል። ተያት።»

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቢላ መመዘኛ አይደለም።»

መኪና አለፈ። መስታወቱ እስኪረጋ ጠበቁ። ይመልሱልኛል ብዬ ስጠብቅ «አንቺ ነሽ ሐኪሟ» ብለው ካርዱን አቀበሉኝ። ፈረምኩ። ዓርብ ፕሮፌሰሩ ሲያዩት ደግሞ ድምፅ እንደምትሰማ ብቻ ነገርኳቸው፤ ስለ ቢላው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ሲስተር መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። «ወይኔ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስትራመድ ክንዶቿ አይወዛወዙም፤ እግሯን ትጎትታለች። እህቷ ከፊት ነበረች። ገብታ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። መድኃኒቱ ሲበዛ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነው። መጽሐፉ ላይ አለ፤ እንኳን እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

«እናትሽስ?» አልኳት።

«መጥራቷን ትታለች።» ከንፈሯ ደርቋል። «እሑድ ለቅሶ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው ከእጄ ወደቀ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እግር ላይ ሊያርፍ ነበር። ሴቶቹ ጮሁ። ቢላውን ወሰዱት።» ከዚያ፣ ሰው የሥራ ለውጡን እንደሚናገር ሁሉ ረጋ ብላ፣ «ዶክተር፣ ምስር ላይ መለሱኝ» አለችኝ።

አላለቀሰችም፤ አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በትዕግሥት የወጣችውን ደረጃ እኔ በአንድ ፊርማ አስወረድኳት። ለምን? እኔ ራሴ ወደ ሦስተኛ ዓመት እንዳልመለስ። ይህንን ሳስብ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሷን ሸኝተን ስንመለስ ሲስተር ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በሩን ዘጉና ውኃ ቀዱልኝ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አሉ። «አፍሰናል። አሁን እንልቀም።»

«አፍሰናል» ነው ያሉት። «አፍሰሻል» ማለት ይችሉ ነበር። የዚያን ቀን ሲስተርን ወደድኳቸው፤ እስከ ዛሬም ከማንም አስተማሪዬ አስበልጬ ነው የማያቸው።

መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መለስነው። ሲስተር በየሳምንቱ እቤቷ ድረስ እየሄዱ እጇን ያዩ ነበር፤ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያዛቸው። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። የድንች መደቡ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ድንች እየመረጡ ነው የሚመረምሯት። «ይቺን አንሺልኝ፣ ያቺንም» ይሏታል፤ እሷ እያነሳች ትመዝናለች፤ እሳቸው ጣቶቿን ያያሉ። የሚያልፍ ሰው የሚያየው ድንች የምትገዛ አንዲት ሴትዮ ነው። እኔ ነጭ ጋውኔን ለብሼ መሄዴ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

በወር ከምናምን ውስጥ እጇ ረጋ። እናቷም እንደገና ጠዋት ጠዋት መጥራት ጀመረች። ቢላው ግን አልተመለሰም። አንድ ለቅሶ፣ ምስር። ሁለተኛ ለቅሶ፣ ምስር። የሴቶቹን ወጥ ቤት የሚያዙት አንዲት ጎምቱ ባልቴት ናቸው፤ ቢላውን የወሰዱባትም እሳቸው ናቸው። ሄጄ ላስረዳቸው ፈለግኩ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ፣ እንዳገረሸባትም አድርገው እንዳያስቡ።

ሲስተር ክንዴን ያዙኝ። «የታካሚሽን ነገር ለሰው ልታወሪ? ደግሞስ ሐኪም ለምኖ ያሰጠው ቢላ ምን ዋጋ አለው? እነሱ ካልሰጧት አይቆጠርም።»

አራት ወሩ እያለቀ ነበር። ለፕሮፌሰሩ የማቀርበው አንድ ታካሚ መምረጥ ነበረብኝ። ክፍለ ሀገር ሳለሁ የሠራሁት፣ ያማረ፣ ሁሉም ያጨበጨበልኝ አንድ ጽሑፍ ነበረኝ። ሁለት ቀን አፍጥጬ አየሁትና ተውኩት። የድንች ሻጯን ጻፍኩ። ሲስተር ምን እንዳሉኝ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ዓርብ ዕለት ስለ ቢላው መዋሸት የሚያህል ዝምታ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ፕሮፌሰሩ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይህንን ጻፊ ያለሽ ማነው?»

«ማንም።»

«ሲስተርን ጠይቄያቸዋለሁ። ብቻዋን ልተዋት ወይ ብዬ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ገና ናት አሉኝ።»

ወረቀቴን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

«ቀጥለው ግን፣ እንዳይወስዱብኝ አሉኝ። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመትን አትደግሚም። ግማሽ ዓመት ይጨመርብሻል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከእሳቸው ጋር።»

ለማን ልናገር፣ ተናደድኩ። ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሊመረቁ ነው፤ እኔ እንደገና ያቺ መስታወቷ የሚንቀጠቀጥ ክፍል። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ታክሲ ውስጥ እንባዬን ማቆም አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። «አሜን» አልኳቸው፤ ምን ልበል? ቤት ስደርስ «ገና ናት» የሚለውን ትቼ «እንዳይወስዱብኝ» የሚለውን ማሰብ ጀመርኩ። እንዲያ ብሎ የለመነልኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም።

የተጨመረብኝ ግማሽ ዓመት ሊጋመስ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን አረፉ። ድሮ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሰው የሚወዳቸው። ድንኳኑ መንገዱን ሞላው። እኔ እንደ ጎረቤት ጓሮ ገብቼ ሳህን አጥብ ነበር፤ ሐኪም ነኝ ብዬ ወደ ሽንኩርቱ ብጠጋ «አንቺ እጅሽ አልለመደም» ብለው መልሰውኛል። ሲስተርም መጡ። ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ከነስኒከራቸው፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይታ ድንች ሻጯ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ አየኋት፤ ክንዶቿ ይወዛወዛሉ፣ እህቷ ከኋላ ናት። ይህንን በራሴ ዓይን ማየቴን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ማንም ሳይነግራት ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሰፌዱ ጭኗ ላይ መጣላት። ምስር።

ለቅሶ ደራሹ እየበዛ ሄደ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶች አንድ አውቶቡስ ሙሉ ወረዱ። ሽንኩርቱ ክምር እንዳለ ነው፤ የሚከትፉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ዓይኗ አቃጥሏት ተነሳች። ቢላዋ ጣውላው ላይ ቀረች። ከእኔ ሁለት እርምጃ ብቻ ትርቃለች።

ልነሳ ስል ሲስተር ነጠላዬን ጎተቱኝ።

«ቁጭ በይ።»

«ሲስተር...»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። አንቺ ብትሰጫት አይቆጠርም።»

ቁጭ አልኩ። ያጠብኩትን ሳህን መልሼ አጠብኩ። ትዕግሥት የሌለኝ ሰው መሆኔን ተናግሬያለሁ፤ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ያስጨነቀኝ ፈተና ግን ተፈትኜ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳይ ሲስተርም በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ጨምድደው ይዘዋል። እሳቸው የሚፈሩ አይመስለኝም ነበር።

አዛዧ ባልቴት ከምድጃው ዞር አሉ። ክምሩን አዩ፣ ባዶውን ጣውላ አዩ፣ ግቢውን ዞረው አዩ። ቢላዋን አነሱና በጉርዳቸው ጠረግ አደረጓት።

«አንቺ!» አሉ ወደ ጥጉ። «ይሄን ሁሉ ሰው ምስር ልታበይው ነው? ነይ ተነሽ፣ ይችን ሽንኩርት ድረሽልኝ።»

ስለቷን ወደ ራሳቸው፣ እጀታዋን ወደ እሷ አድርገው ዘረጉላት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ቢላዋን ተቀበለች። ጣውላው ፊት ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ለሁለት ስትሰነጥቅ ጓሮው ውስጥ ማንም ሥራውን አላቋረጠም፤ ያየም የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ ሳህን ይዤ የቀረሁት። ሲስተር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ ሽንኩርቱ ነው አሉ።

ሰኞ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ሲስተር የእሷን ካርድ ከፋይሉ አወጡ። የቀጠሮ ቀኗ አልነበረም። ገልብጠው በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። ያንን ጀርባ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚጽፉበት፤ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ስንት ሐኪም መጥቶ ስንት ሄዷል፣ የአንዱም እጅ ጽሑፍ የለበትም።

መኪና አለፈ። ጠበቅን።

እርሳሱን ወደ እኔ ገፉት። «አንቺ ጻፊው» አሉኝ።

ከመጨረሻው «ምስር» ቀጥሎ «ቢላ» ብዬ ጻፍኩ።